አምባዛው ባሕር አላየም

ሰመራ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት አለ። ስሙን ስለማልነግርህ አትጠይቀኝ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ማዕበል ተስሏል፤ ከማዕበሉ በላይ አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ ትልቅ ዓሣ ዘሎ አየር ላይ ቀርቷል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ትኩስ የቀይ ባሕር ዓሣ» ተብሎ ተጽፏል። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ጠዋት ከጅቡቲ የገባ ነው» ይልሃል። አንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ውለህ፣ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ደርቆ፣ ልብህ «እዚህ ድረስ መጥቼማ የሐይቅ ዓሣ አልበላም» ብሏል። ታዛለህ። ይመጣል። ይጥማል። ለጓደኞችህም ፎቶ ትልካለህ።

በመካከላችን ይቅርና የበላኸው አምባዛ ነው።

ሌሊት ተንዳሆ ግድብ ላይ ተይዞ፣ በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ሲነጋ በባጃጅ የገባ የአዋሽ አምባዛ። እንኳን እሱ፣ ወንዙ ራሱ ባሕር አይቶ አያውቅም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ፣ ቆቃን፣ ወንጂንና መተሐራን አልፎ፣ አፋርን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ትጠጣዋለች። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እዚያው ከተራራው ማዶ ነው፤ አዋሽ ግን ደጁ ደርሶ ሳያንኳኳ የሚመለስ እንግዳ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ቀላል ዘዴ አለ። «ከነጭንቅላቱ አምጣልኝ» በል። የባሕር ዓሣ ከሆነ ደስ ብሎት ያመጣዋል፤ ጭንቅላቱ ጌጡ ነው። አምባዛ ከሆነ «ጭንቅላቱን አናቀርብም» ይልሃል። ያ ጠፍጣፋ ሰፊ ራስ፣ ከአፉ ዙሪያ እንደ ጫማ ክር የተንጠለጠለ ስምንት ጢም፣ ሳህን ላይ ወጥቶ «እኔ ከቀይ ባሕር ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ወጥ ቤቱ ቆዳውን ገፎ፣ ሥጋውን ጣት ጣት አሳክሎ ቆርጦ፣ ዱቄትና ሚጥሚጣ አልብሶ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ በኋላ እናቱም አታውቀው።

ውሸቱ የመጣው ከክፋት አይመስለኝም። አምባዛ በአገራችን ስሙ የተበላሸ ዓሣ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ ገላው እንደ ሳሙና ነው። የደጋው ክርስቲያን ያየውና «ይሄማ እባብ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳያልቅ ገበያው ይደራል፤ አምባዛ ግን በዚያ ሁሉ ፈላጊ መሀል እንኳ በስሙ አይሸጥም። ወይ «ፊሌቶ» ይባላል፣ ወይ የባሕር ይሆናል።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በጅቡቲ መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ስለነዳሁ ነው። ዛሬ መሪ ትቻለሁ፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተቀምጬ ለሚያልፍ ሰው ሻይ እሸጣለሁ፣ ለፈለገ ደግሞ ማጥመጃ ቦታ አሳያለሁ። ሰው ግን አሁንም «ሹፌር» ይለኛል። መንጠቆዬ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክሪኩ አጠገብ፣ በስፖንጅ ተሰክቶ ነበር የሚኖረው። ጭነት ስጠብቅ ጅቡቲ ላይ ባሕር ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ስመለስ አዋሽ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ ሁለት ውሃ። አሁን ወጣቶቹ ሲመጡ የሚጠይቁኝ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሹፌር፣ የቱ ይሻላል? የጨው ውሃ ወይስ የጣፋጩ?» ደረቱን የነፋ ሹፌር ሁሉ «ባሕር!» ይላል። እኔም ለሰው ፊት ስል እንደዚያው እል ነበር።

እውነቱን ለመናገር እስቲ ከአዋሽ ልጀምር።

አዋሽ ሰባት ኪሎን በመስኮት ብቻ አይተህ ያለፍክ እንደሆነ ወንዙን አላየኸውም። ከተማው ዳር፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ምድር በድንገት ተሰንጥቃ ትወርዳለች። አዋሽ ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ እንደ ተጣለ ቡናማ ጨርቅ ይታያል። ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ሳይገባ በፊት እዚህ ገደል ላይ ድልድይ መዘርጋት ነበረበት፤ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው ሆቴልም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። መንገደኛው በረንዳው ላይ ቢራ ይጠጣል፤ አጥማጁ ከታች ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ቦታ መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፏፏቴው ያለበት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንጠቆ ይዘህ አትዙር፤ ጥበቃው አለ፣ ከጥበቃውም በላይ አዞው አለ። ከፓርኩ ውጭም ቢሆን ከወገብ በላይ ውሃ ውስጥ አትግባ፤ ቦታ አትደጋግም፤ ትናንት በተቀመጥክበት ድንጋይ ላይ ዛሬ አትቀመጥ። አዞ ሰው ያጠናል። ወደ ታች፣ ወደ አሚባራና ገዋኔ ስትሄድ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ከውጭ የመጣው እሾሃም ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ የሚሉት፣ የወንዙን ዳር ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ የሸራ ጫማህንማ ተወው። ከብት የሚጠጣበትን መንገድ ካላገኘህ ወንዙን እየሰማኸው ሳታየው ትመለሳለህ።

አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው። ዓይኑ ደካማ ነው፤ የሚያየው በጢሙ ነው። ስለዚህ ማታለል ያለብህ ዓይኑን ሳይሆን አፍንጫውን ነው። ሰዉ በትል ይሞክራል፤ ትሉን ትንንሾቹ ይበሉብሃል። ከቄራ የፍየል ጉበት ለምነህ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። ጠረኑ አንተን ሲያስጠላህ ያን ጊዜ ለአምባዛ ደርሷል። ወደ ዋናው ጅረት አትወርውር። ወንዙ ሲታጠፍ በውስጠኛው በኩል ውሃው የሚደክምበት፣ አረፋና ቅጠል የሚሽከረከርበት ኩሬ አለ፤ እዚያ ጣለውና ክሩን በሌባ ጣትህ ላይ አሳርፈው። ዘንግ አያስፈልግም። ጣትህ ይበቃል።

ከዚያ ትጠብቃለህ። መጀመሪያ አንዴ ይነካዋል፤ ድመት በመዳፏ እንደምትነካው። ብትስብ አጥተኸዋል። ይተወዋል። ሰዓት የሚመስል ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛ ይነካዋል፤ አሁንም አትንቀሳቀስ። በሦስተኛው ክሩ በጣትህ ላይ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ መንገድ እንዳለው ሰው መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው መሳብ። ከሳብከው በኋላ ደግሞ እንደ ባሕር ዓሣ አይሮጥም፤ ወደ ታች ይወርድና መሬት ይይዛል። ድንጋይ የያዝክ ይመስልሃል። ከዚያ ድንጋዩ ራሱን ይነቀንቃል።

ከውሃ ወጥቶም አይሞትም፤ ይህን ያላየ ሰው አያምነኝም። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ አካል አለው፤ እርጥብ ከሆነ ለሰዓታት በየብስ ይቆያል። በጎን ክንፎቹ እሾህ እየተመረኮዘ ሣር ውስጥ እንደ እባብ ይሄዳል። አንድ ሌሊት ገዋኔ አጠገብ ሦስት ይዤ ከረጢቱን ሳላስር ተኛሁ። ሲነጋ ከረጢቱ ባዶ ነው። ጭቃው ላይ ሦስት መስመር፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ወንዙ። አንድ ሽማግሌ ግመሎቹን እያጠጣ ሲያየኝ ቆይቶ ምን አለኝ መሰለህ? «ግመል የሞላበት አገር ላይ የሚሸሽህን ትል ታሳድዳለህ?» መልስ አልነበረኝም።

ቆሮሶም አለ በእርግጥ፤ በቀን፣ በሊጥ ቁራሽ፣ ለጀማሪ የሚሆን። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያንን አንዴ ካየሁ በኋላ ቆሮሶ መያዝ ቀነስኩ። ፈጣን ውሃ ላይ ቢልጫ ታገኛለህ፤ ጉልበቱ ከቁመቱ በላይ ነው፤ እሾሁ ግን ጉሮሮ የሚያስመርር።

በመሀል አንድ ወሬ ላስገባ። መተሐራ አጠገብ ግራና ቀኙን የምታየው በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ መንገዱንም ሐዲዱንም አስነስቷል። ሲሰፋ ደግሞ ጨውነቱ እየቀነሰ መጣ። የጨው ነው የጣፋጭ፣ ራሱም የወሰነ አይመስለኝም። ከሹፌሮች ጋር ይመሳሰላል።

ወደ ባሕሩ ልምጣ። ጅቡቲ ጭነት መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የጠበቀ ነው። ፒኬ 12 ላይ መኪናህን አቁመህ ከተሳቢው ሥር ጥላ ፈልገህ ትተኛለህ፤ አንድ ቀን፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ አሥር። ያኔ ነው ከአንድ የኦቦክ ልጅ ጋር የተዋወቅነው። አፋር ነው፤ አባቱም አያቱም ባሕር ላይ የኖሩ። በትንሽ የፋይበር ጀልባ ይዞኝ ወጣ። ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ከኢትዮጵያ የማመጣለትን ቡና ነው የፈለገው።

መጀመሪያ ቀን ያዋረደኝን ልንገርህ። ለአምባዛ የምጠቀምበትን የናይለን ክር ጣልኩ። ወዲያው ያዘ። ጣቴ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ክርህን ይዞ እንደሄደ ቁጠረው። መዳፌን ከዳር እስከ ዳር ከፈለውና ክሩ ተበጠሰ። የኦቦኩ ልጅ ሳቀ፤ ጫፉን አነሳና አሳየኝ። በምላጭ እንደተቆረጠ ንጹሕ ነበር። ባራኩዳ ነው። ጥርሱ ናይለን አያውቅም፤ ከመንጠቆው በላይ አንድ ክንድ የሚሆን ሽቦ ማሰር ነበረብኝ። ጠባሳው ይሄው፣ ሻይ ስቀዳልህ ታየዋለህ።

ባሕር የሚያስደስተው ይሄ ነው፤ ምን እንደያዝክ አታውቅም። አዋሽ ላይ ክሩ ሲነካ በጨለማ ውስጥ ሆነህ ስሙን ትጠራዋለህ፤ ይሄ ቆሮሶ ነው፣ ይሄ አምባዛ ነው፣ ይሄኛው ኤሊ ነው። ባሕር ላይ ግን ከታች የሚጎትትህ ሐሙር ይሁን፣ ቱና ይሁን፣ ሻርክ ይሁን፣ እስኪወጣ ድረስ ልብህ ጉሮሮህ ውስጥ ነው። አንድ ታኅሣሥ፣ በአርታ በኩል፣ ከጀልባችን ሥር ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጥላ አለፈ። ቁመቱ ከሲኖ ትራክ ጋቢና ይበልጣል። እግሬ ከዳኝ። የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚሉት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር እዚያ ይመጣል፣ የሚመገበውም ጥቃቅን ፍጥረት ነው፤ ሰው አይነካም። የኦቦኩ ልጅ ይህን የነገረኝ ግን ካለፈ በኋላ ነው።

ማታ ከተማ ስትገባ ደግሞ የየመኖቹ ዓሣ አለ። ትልቁን ዓሣ ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፤ በርበሬ ቀብተው በሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። የሚቀርበው ወረቀት ላይ ነው፤ ጠርዙ ያረረ፣ መሀሉ የሚፈርስ፣ ጎኑ ላይ የጋሪ ጎማ የሚያህል ስስ ዳቦ። ሹካ የለም። ያንን የበላ ሰው «ባሕር ይበልጣል» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ስማ። ሹፌሮች ስልካቸው ላይ ትልቅ ዓሣ በሁለት እጅ አንጠልጥለው የሚያሳዩህ ፎቶ አለ አይደል? ከአሥሩ ዘጠኙ ከዓሣ ገበያ የተገዛ ነው። ሻጩን «ወንድሜ፣ ለአንድ ደቂቃ አውሰኝ» ትለዋለህ፣ ክር ትከሻህ ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ ረዳትህ ያነሳሃል፣ ትመልስለታለህ። እኔም አለኝ። ለሚስቴ ልኬ ሳሎን ሰቅላዋለች። እስካሁን አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ባሕር ዓሣውን ይሰጥሃል፤ በረሃው ደግሞ ይቀበልሃል። አንድ ሰኔ ላይ የበረዶ ሳጥን ሙሉ ዓሣ ገዝቼ ተነሳሁ፤ አዋሽ ደርሼ ሰርግ ላደምቅ ነው። ጋላፊን አልፌ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። በረዶው መጀመሪያ ውሃ ሆነ፣ ከዚያ ሾርባ ሆነ። እርዳታ ሲደርስ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ጠረኑ ጋቢናው ውስጥ ለሦስት ጉዞ ቆየ፤ በአንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ በሩን ከፍቶ፣ ምንም ሳይል፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሰመራ ላይ «ዛሬ ጠዋት የገባ» ሲሉኝ የምስቀው ለዚህ ነው። እውነተኛው የባሕር ዓሣ ሰመራ ቢደርስ እንኳ ከሕይወት ከተለየ ቆይቷል። አምባዛው ግን ወጥ ቤት ገብቶም ጢሙን ያወዛውዛል። ለምላስ ከሆነ፣ አታልለው ያበሉህ የተሻለውን ነው።

የቀድሞዎቹ ሹፌሮች የሚያወሩት ሌላ ነው፤ እነሱ ባሕር የሚሉት አሰብን ነው። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የቡሬ መንገድ ተዘጋ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ። አንዳንዶቹ የአሰብን ዓሣ ሲገልጹ ዓይናቸው ይርቃል። እኔ አልቀመስኩትም፣ ስለዚህ አልጨምርበትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአንድ ሕዝብ በሁለት ውሃ መከፈል ነው። የኦቦክና የታጁራ አፋር፣ በኤርትራ በኩል የጢዮና የኤዲ አፋር፣ ባሕርተኛ ነው፤ ጀልባ፣ መረብ፣ የነፋስ ስም ያውቃል። የአውሳና የገዋኔ አፋር ደግሞ ወንዝ ዳር እየኖረ ለዘመናት ዓሣውን ዞር ብሎ አላየውም፤ ሀብቱ ግመል፣ ምግቡ ወተት ነው። ቋንቋቸው አንድ፣ ጎሳቸው የተዛመደ። ተንዳሆ ላይ አሁን መረብ የሚጥሉት ወጣቶች ግን ይህን ልማድ እየቀየሩት ነው። አብዛኞቹ ለገበያ እንጂ ለራሳቸው አይይዙም፤ አንዱ ይህን ሁሉ ዓሣ ሲሸጥ ኖሮ ቀምሶት እንደማያውቅ ነግሮኛል።

ከጣፋጩ ውሃ ተነስቶ ጨዉ ድረስ በእግሩ የሄደ አንድ እንግዳ ነበር። ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ አዲስ አበባ የተወለደ እንግሊዛዊ፣ ገና የ23 ዓመት ልጅ። በኅዳር 1926 ከዚሁ ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎች ጭኖ ተነሳ፤ ዓላማው አዋሽ የት ገብቶ እንደሚቀር ማየት ነው። የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን አስፈቅዶ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያም ቀጥሎ ግንቦት ላይ ታጁራ፣ ባሕሩ ዳር ወጣ። ስድስት ወር። እኛ ያንን መንገድ ራዲዮ እየሰማን በአንድ ቀን ተኩል እንጨርሰዋለን።

የጨዉም የጣፋጩም ያልሆነ ዓሣ አፋር ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ደግሞ ጥቂት ነው። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የአገሩን ወጥ የሚያጣፍጠው ጨው በአብዛኛው ከዚያ ነው፤ እኔም በመኪናዬ አመላልሼዋለሁ። እንዲህ ባለ ውሃ ምን ይኖራል ትላለህ? ፍል ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየፈለቀ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ የጣት ቁመት የማይሞሉ ዓሣዎች ይርመሰመሳሉ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። አንደኛው ዝርያ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ደንከልን ባቋረጠው ጣሊያናዊ ባሮን በፍራንኬቲ ስም ነው፤ ሁለተኛውን ለሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከአንድ የውጭ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ነው። እግሬን ነከርኩና መጥተው ጣቴን ጎነተሉት። መንጠቆ የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

አሁን ስለ እህቴ ልጅ ላውራ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ታክሲ ይነዳል፤ እሑድ እሑድ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። «ጋሼ፣ እኔ የባስ ሰው ነኝ» ይለኛል በስልክ። መጀመሪያ የአውቶቡስ መስሎኝ ነበር። ባስ የሚሉት እኛ አገር የሌለ፣ አፉ ትልቅ፣ ወገቡ አረንጓዴ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው። ከሣርና ከወደቀ ግንድ ሥር ያደባል፤ አጠገቡ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ዘሎ ይመታል፤ የጎማ እንቁራሪት ሳይቀር። አሜሪካኖቹ ያበዱለታል። ሬይ ስኮት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 አርካንሳስ ላይ ውድድር ካዘጋጀለት ወዲህ እንደ እግር ኳስ ሽልማትና ተመልካች አለው። ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 የያዘው 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ እስከ ዛሬ በክብደት አልተበለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ እኩል ወጣለት እንጂ።

«አሥር ኪሎ?» አልኩት። «ልጄ፣ አሥር ኪሎ አምባዛ ተንዳሆ ላይ ዜና አይሆንም።»

«ጋሼ፣ የኪሎ ጉዳይ አይደለም» አለ። «የታጠፈውን ግንድ አውቀዋለሁ። እዚያ ሥር ያለውንም አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ይዤው ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ምልክት አለው።»

«ይዘህስ?»

«ለቀቅኩት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ያኔ አልገባኝም። ቆይቶ ግን ሳስበው፣ የኩሬውን መታጠፊያ፣ የአምባዛውን ሦስት ንክኪ፣ ትናንት የተቀመጥኩበትን ድንጋይ አሰብኩና ነገሩ እኔም ጋ እንዳለ ታወቀኝ። ባሕር ላይ ሃያ ዓመት ወጥቼ አንድ ዓሣ ሁለት ጊዜ አላገኘሁም። ባሕሩም እኔን አያውቀኝም። አዋሽ ላይ ግን አንድ መታጠፊያ አለ፣ ያለሁበትን ሰዓት እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል። ሹፌሮቹ ባሕር ባሕር እያሉ፣ ጡረታ ሲወጡ ግን የሚመጡት እኔ ጋ፣ እዚህ ወንዝ ዳር ነው። ይህን ስም ጠርቼ ብናገር ይጣሉኛል።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ መጣ። ዘንጉን፣ የጎማ እንቁራሪቱን፣ ግንባሩ ላይ የሚታሰር መብራቱን ይዞ። ሰመራ አደርንና ማታ ተንዳሆ ወሰድኩት። እንቁራሪቱን ሁለት ሰዓት ወረወረ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከዚያ ዝም ብዬ የሰነበተ ጉበት ሰጠሁት። አፍንጫውን ይዞ ሰካው። ከጎናችን አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሌሊት ሌሊት ለምግብ ቤቶች ዓሣ የሚያቀርብ፣ ባዶ ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ የያዘ።

ነካው። «አትሳብ» አልኩት። ተወው። ነካው። «አትሳብ።» ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ጎበጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ታገሉ፤ የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ይለምነዋል፣ ዓሣው በአፋርኛ እምቢ ይላል። ሲወጣ ቁመቱ ከልጁ እግር ይበልጣል። መብራቱ ሥር ጥቁር ገላው ያበራል፤ ስምንቱም ጢም አየሩን ይፈልጋል። ፎቶ አነሳሁት። ባለከረጢቱ ልጅ ተነስቶ የከረጢቱን አፍ በሁለት እጁ ከፈተ።

የእህቴ ልጅ ተንበረከከ፣ መንጠቆውን በመቆንጠጫ ነቀለ፣ አምባዛውን በሁለት እጁ ውሃው ላይ አስተኛው፣ ትንሽ ወደፊት ወደ ኋላ አደረገውና እጁን ከፈተ። ዓሣው ለአፍታ አላመነም። ከዚያ ጭራውን አንዴ መታና ጨለማው ውስጥ ገባ።

ባለከረጢቱ ልጅ የከረጢቱን አፍ እንደከፈተ ቆሞ ቀረ። ወደ ውሃው አየ፣ ወደ እህቴ ልጅ አየ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ሹፌር» አለ፣ «የነገው የቀይ ባሕር ዓሣ እኮ እሱ ነበር።»